ለወፍ ጀርባ መስጠት

«እማ፣ ለምን ጮህሽ?»

እናኑ ልጇን ትታ ወደ ሰማይ አየች። የወረወረችው ጓል ማሳው ላይ ወድቆ ፈርሷል፤ ከርብ ወንዝ ዳር የተነሡት ወፎችም ወደ ጣና በኩል እየራቁ ነበር። ውባንቺ የተሰጣትን ማቅረቢያ መነጽር በደረቷ ላይ ይዛ እናቷን ታያለች። ከጀርባዋ አቶ አዛናው ቆመዋል፤ ከባሕር ዳር ድረስ የመጡት ይችኑ ልጅ ሊፈትኑ ነው።

ዕለቱ የኅዳር ሚካኤል ነበር። ሩዙ ታጭዷል፤ ነዶው በየማሳው ተደርድሮ መውቂያውን ይጠብቃል። በዓል ሲሆን ገበሬ እጁን ይሰበስባል፤ ለወረታ የጎልማሶች ትምህርት ክፍልም የሚመቸው እንዲህ ያለው ቀን ነው። መምህር ደስታው ከቅዳሴ በኋላ ተማሪዎቻቸውን ሰብስበው «ዛሬ ሰሌዳችን ወንዝ ዳር ነው፤ ያያችሁትን በሚቀጥለው ትምህርት ትጽፉታላችሁ» አሏቸውና ይዘዋቸው ወጡ። እናኑም ከተማሪዎቹ አንዷ ነበረች፤ መሪያቸው ደግሞ ልጇ ውባንቺ።

አቶ አዛናው ወፍ ለማየት የሚመጣ እንግዳ የሚመራ ወጣት ይፈልጋሉ። የሚያሠለጥኑት ባሕር ዳር ነው፤ የሚወስዱት ደግሞ አንድ ሰው ብቻ። ባየህ የሚባል የሰፈሩ ልጅ በዋዜማው የራሱን ቡድን መርቶ በደንብ አሳይቷል። ዛሬ ተራው የውባንቺ ነው። ሰውን ወደ ወፎቹ ማቅረብ፣ ወፎቹ ሳይነሡ ማሳየት፤ ፈተናው ይኸው ነበር።

እናኑ ይህን ሁሉ ታውቃለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ እቤት ውስጥ ያሉት እሷና ውባንቺ ብቻ ናቸው። ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ «መንገዱ እንዲህ ሆኖ፣ ዘመድ በሌለበት አገር፣ ብትታመሚስ?» ብላ ነበር። ውባንቺ ነጠላዋን አስተካክላ መንገዷን ቀጠለች። እናኑም መልሳ «ብትራቢስ?» አለች።

ወንዙ ዳር ሲደርሱ ሁሉም ደስ ብሏቸው ነበር። ጎረቤታቸው አማከለች እንደ ልማዷ አፏ አላረፈም።

«ዕድሜዬን ሙሉ ወፍ ሳባርር ኖሬ ዛሬ ደግሞ ላያት መጣሁ! ይህን ለባሌ ብነግረው በዓሉን በጠላ አክብራለች ይለኛል።»

«ቀስ በይ፣ እትዬ አማከለች» አለች ውባንቺ። «ይሰሙሻል።»

«ይስሙኝ! ድምፄን ከማማው ላይ ያውቁታል።»

እዚያ አገር ሩዝ ሲያሽት ወፍ መጠበቅ ሥርዓት አለው። አንዱ ጠባቂ ከማማው ላይ ከጮኸ ጎረቤቱ ይቀበለዋል፣ የሱንም ሌላው ይቀበላል፤ አለዚያ የተባረረው መንጋ ዝም ያለው ሰው ማሳ ላይ ያርፋል። በሰው ሩዝ ላይ ወፍ እያየ ዝም ያለ ጎረቤት ለቅሶ ቤት ሳይቀር ይታማል።

ውባንቺ ሰዎቹን ከሣሩ መሃል ደርድራ አስቀመጠቻቸው። ባለዘውዶቹ ወፎች ከወዲያ ማሳ ላይ ነበሩ፤ እግራቸው ረጅም፣ ክንፋቸው ነጭ፣ ራሳቸው ላይ እንደ ስንደዶ የቆመ ወርቃማ ጉንጉን። ከዚያ አንዱ ወፍ ድንበሩን ተሻግሮ አንገቱን ዘረጋና ከአማከለች ነዶ ላይ አንድ ዛላ መዘዘ።

እናኑ መቼ እንደ ተነሣች፣ ጓሉንም መቼ እንዳነሣች አታውቅም።

«ሃይ! ሃይ! ሆ!»

አማከለች ተቀበለቻት። ከአማከለች ሌላዋ ተማሪ ሰርክ፣ ከሰርክ ቀጥሎ ያለው ሁሉ፣ ጩኸቱ በወንዙ ዳር ተላልፎ መጨረሻ ላይ መምህር ደስታው ጋ ደረሰ። እሳቸውም የገበሬ ልጅ ናቸውና እጃቸውን አንሥተው «ሆ!» አሉ፤ ከዚያ አፍረው እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ።

ሜዳው ባዶ ሆነ። የውባንቺ ጥያቄ የመጣው ያን ጊዜ ነው።

እናኑ ወደ አቶ አዛናው ዞረች። «ጌታዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። እሷ ዝም በሉ ብላናለች።»

«ሰምቻለሁ፣ እናቴ» አሉ አቶ አዛናው። ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም፤ ግን ሰዓታቸውን አዩ።

ውባንቺ ግን «ይመለሳሉ» አለች። «ነዶውን ቀምሰውታል። የሚፈሩት ዓይናችንን ነው፤ አፍጥጦ የሚያያቸውን ሰው ሁሉ ወንጭፍ ይዞ ነው የሚያውቁት። እባካችሁ ጀርባችሁን ስጧቸውና ዝቅ ባለ ድምፅ አውሩ።»

«ወፍ ለማየት መጥተን ጀርባ ልንሰጥ?» አለች ሰርክ።

«እኔ ደግሞ ሩዜን ላስበላ?» አለች አማከለች።

«እትዬ፣ አንድ ነዶ ስጪኝ። ለሚካኤል ብለሽ።»

አማከለች እናኑን አየች፣ ልጅቱን አየች። «ለሚካኤል ካልሽማ ምን እላለሁ። አንድ ብቻ ታዲያ! ሁለተኛውን ከነካ እኔም ሚካኤልም አንምረውም።»

ሁሉም ዞረው ተቀመጡ፤ አቶ አዛናውም መሬት ላይ ተቀምጠው ጀርባቸውን ሰጡ። ውባንቺ እናቷ አጠገብ በርከክ አለች።

«እማ፣ ወደ ማሳው የምታዪው አንቺ ብቻ ነሽ። አታፍጥጪ። የምታዪውን በቀስታ ንገሪን፤ በቃ ስትዪ ሁላችንም እንዞራለን።»

«እኔ? ከሰው ሁሉ እኔ?»

«አዎ፣ አንቺ።» ብላ እሷም ጀርባዋን ሰጠች።

ብዙ ቆዩ። ስለ ጨው መወደድ ተወራ፣ ስለ አንዲት ጊደር ተወራ። ከዚያ እናኑ «አንዱ ወረደ» አለች። ትንሽ ቆይታ «ሁለት ሆኑ። ዘውድ የሌላቸው ግራጫዎቹም ከኋላ እየመጡ ነው» አለች። ባለዘውዱ መሬቱን በእግሩ እየመታ ተጠጋ፣ ቆመ፣ ነዶው ጋ ደረሰ።

«ያዘው» አለች እናኑ።

«ወይኔ ልፋቴ» አለች አማከለች በሹክሹክታ።

እናኑ ያን ጊዜ ጩኸቱ ሲመጣባት ተሰማት። የፊተኛው ሳታውቀው ከጉሮሮዋ ያመለጣት ነበር። ይኸኛው ግን እያወቀችው ነው የተነሣው። አንድ «ሃይ» ብትል ወፎቹ ይሄዳሉ፣ አቶ አዛናው ባየህን ይዘው ይሄዳሉ፣ ውባንቺ እቤቷ ትቀራለች። ማንም አይፈርድባትም፤ ልማድ ነው ይላሉ። የልጇ ጀርባ እዚያው ፊት ለፊቷ ነው፤ ነጠላዋ ከትከሻዋ ተንሸራቷል፣ አንድም ጊዜ አልዞረችም።

እናኑ የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ነከሰች። ሁለተኛው ወፍ መጣ። ሁለተኛውን ነዶ ነካ። ዝም አለች።

«በቃ» አለች በመጨረሻ። «ቀስ ብላችሁ ዙሩ።»

ዞሩ። ወፎቹ ድንጋይ ቢወረወር በሚደርስበት ርቀት ላይ ነበሩ፤ አንዱ ክንፉን ዘርግቶ ይዘላል፣ ሌላው ይከተለዋል። አማከለች እንኳ የሩዟን ነገር ረስታ አፏን በእጇ ይዛለች። አቶ አዛናው መነጽራቸውን አላነሡም፤ አላስፈለጋቸውም።

ወደ ወረታ ሲመለሱ እናኑ ከልጇ ጎን ሆና ሄደች። የደብረ ታቦር መንገድ ጋ ሲደርሱ ባጃጅ እስኪያልፍ ቆሙ።

«ጠይቀሽኝ ነበር» አለች እናኑ። «ያን ጊዜ የጮህኩት ለሩዙ ነው። ሚካኤል ምስክሬ ነው፣ ለሩዙ ነው። ላንቺ ልጮህ የነበረው በኋላ ነው።»

«በኋላማ አልጮህሽም።»

«አልጮህኩም።»

ውባንቺ የእናቷን ክንድ ያዘች። ባጃጁ አለፈና ተሻገሩ።

በሚቀጥለው ትምህርት መምህር ደስታው እናኑን ወደ ሰሌዳ ጠሯት። ጠመኔውን አጥብቃ ይዛ ስትጽፍ ቆየች፤ የጻፈችው «ወፉ መጣ። ዝም አልኩ።» የሚል ነበር። አማከለች ከኋላ ሆና «ሁለት ነዶ በላ ብለሽ ጨምሪበት» አለቻት።

ውባንቺ በታኅሣሥ ወደ ባሕር ዳር ሄደች። ባየህ ቀረ። እናኑም ቀረች።