የእትዬ አገጭ

እትዬ ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህርት ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ተማሪውን ሁሉ «ማስረጃህን አምጣ» እያሉ ሲያስጨንቁ ኖረው፣ ልጃቸውን ሊድሩ ሲሉ አገጫቸው ሥር የተጠራቀመው ስብ እንቅልፍ ነሳቸው። የሠርጉ ፎቶ አንሺ ምሕረት የለውም ይባላል።

መጀመሪያ የሄዱት የቆዳ ሐኪም ወደሆነችው የእህታቸው ልጅ ነበር።

«ያን ሜሶቴራፒ የሚሉትን ውጊኝ። ስብ ያቀልጣል አሉ።»

ሐኪሟ አገጫቸውን ዳሰሰች፤ ስለ ስኳራቸውም ጠየቀች። «እትዬ፣ መድኃኒት ጥቂት በጥቂት ቆዳ ውስጥ መውጋት ነው እኮ። ዋናው ነገር መርፌው ውስጥ ያለው ነው። ለአንዳንድ ሕመም ተሞክሮ መጠነኛ ውጤት ታይቶበታል። ለአገጭ ብለው የሚሸጡት ቅልቅል ግን በቅጡ አልተጠናም። ስኳርዎም ገና አልተስተካከለም፤ ቢቆስል ቶሎ አይድንም። እኔ አልወጋዎትም።»

«ይህን ሁሉ ዘመን የተማርሽው እንቢ ለማለት ነው?» አሉና ቦርሳቸውን አንስተው ወጡ።

ቀጥለው የሄዱባት የሰፈሩ ጸጉር ቤት ባለቤት ግን እንዲህ ያለ ጥርጣሬ አልተፈጠረባትም። ስለ ስኳራቸው ሲነግሯት «ሻይ ላይ ይቀንሱ» ብላ መከረች። ከመስተዋቱ በላይ የአንድ ቅዳሜ ሥልጠና ምስክር ወረቀት ተሰቅሏል። እትዬን ከጸጉር ማድረቂያው ሥር አስቀምጣ፣ ጽሑፉ ከተላጠ ብልቃጥ እየቀዳች አገጫቸውን እንደ ወንፊት በሳችው።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ቫይታሚን።»

ቫይታሚን የሚጠላ የለም፤ እትዬም አገጫቸውን ቀና አደረጉላት።

ሠርጉ ሲደርስ አገጩ በእርግጥም ተለውጦ ነበር። ከሥሩ ሌላ አገጭ አበቀለ፤ ቀይ፣ ትኩስ፣ መግል የቋጠረ። ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። እትዬ በዚያ ሙቀት እስከ አፍንጫቸው በሻርፕ ተጠቅልለው ፎቶ ተነሡ።

በማግስቱ የእህታቸው ልጅ ፊት አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ። እሷም «ብዬ አልነበር» አላለችም። ጓንት አጥልቃ ከመግሉ ወሰደችና ወደ ላቦራቶሪ ላከችው። ካልጸዳ ውኃ የሚመጣ ተውሳክ ተገኘ፤ ለወራት የሚዋጥ ክኒን ታዘዘ። ሐኪሟ ለጸጉር ቤቱ ባለቤት ደውላ ምን እንደወጋቻቸው ብትጠይቃት «የሙያ ምስጢር ነው» የሚል መልስ አገኘች።

ይህን ሲሰሙ እትዬ ከተቀመጡበት ተነሡ። ሻርፓቸውን ፈትተው፣ ቁስላቸውን ለመንገደኛው ሁሉ እያሳዩ ጤና ቢሮ ድረስ በእግራቸው ሄዱና አመለከቱ። ጸጉር ቤቱ መርፌ እንዳይነካ ተከለከለ።

ቁስሉ ዳነ፤ ሁለት ስርጉድ ጠባሳ ግን ቀረ። አሁን ጓደኞቻቸው ጥሩ ሐኪም ሲጠይቋቸው እትዬ ወደ እህታቸው ልጅ ይልካሉ።

«ቃል አትገባም፣ ለመውጋትም አትቸኩልም» ይላሉ። «እንግዲህ ጠባይዋን ቻሉት።»