ያልተሞከረው ቅጂ

እናታቸው ዕድሜያቸውን በአውቶቡስ ጣቢያ ድምፅ ማጉያ መንገደኛ ሲጠሩ ነው የኖሩት። ፊታቸውን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ድምፃቸውን ግን ያልሰማ የለም። ሐኪሞቹ ማንቁርታቸውን ከማውጣታቸው በፊት ልጃቸው አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ድምፃቸውን ቀዳ፤ የልጆቻቸውን ስም፣ «ውሃ ስጡኝ»ን፣ «አሞኛል»ን፣ ቁጣቸውንና ምርቃታቸውን ሳይቀር። አሁን የሚናገሩት በትንሽ ነጭ ሰሌዳ ላይ እየጻፉ ነው። የመናገሪያ መሣሪያቸውን የሚያዘጋጀው ባለሙያ የተቀዳውን ድምፅ አምጡ ብሏል። ካልመጣ መሣሪያው የሚናገረው በአንዲት በማያውቋት ሴት ድምፅ ነው።

ድምፁ ደግሞ ተቆልፎበታል።

ልጅየውን ቤተሰቡ «ሲስተም» ይለዋል፤ ምንም ቢጠየቅ «ሲስተም አለው» ማለት ስለሚወድ። የቤተሰቡን የይለፍ ቃል ሁሉ በኢንተርኔት ላይ ባለ የአንድ ኩባንያ ካዝና ውስጥ አስገብቶ በአንድ ዋና ቃል ዘግቶታል። የእናቱ ድምፅ የተቀመጠበት የኢንተርኔት መለያም (አካውንቱም)፣ መለያው የተከፈተበት ኢሜይልም ቁልፋቸው እዚያው ነው። ለሥራ ሌላ ከተማ ሄዶ ከሆቴል ሊገባ ሲሞክር ኩባንያው ሌባ መሰለውና አገደው። በጻፈ ቁጥር የሚመጣለት መልስ አንድ ነው፦ «ትዕግስትዎን እናመሰግናለን።» ማን ታገሠና? ሰውን ከገዛ ንብረቱ አስወጥቶ፣ በር ዘግቶ፣ ከውስጥ ሆኖ ማመስገን ምን የሚሉት ድፍረት ነው? እንዲህ ያለውን የኢንተርኔት ማስቀመጫ ደመና ይሉታል። ደመና ዘበኛ የለውም፤ ይሄኛው አለው።

መድኃኒት ቤት የምትሠራው ታላቅ እህቱ ግን አልደነገጠችም ነበር። አምና «ከኢንተርኔት ውጭ አንድ ቅጂ ካልሰጠኸኝ አልላቀቅህም» ብላ አስጨንቃው፣ የይለፍ ቃሎቹን በሙሉ በፍላሽ ገልብጦ ሰጥቷት ነበር። መሳቢያዋ ውስጥ ቆልፋበት ነበር። ዛሬ ይዛው መጣችና በእናቷ ሳሎን፣ ከጉዞው የተመለሰው ወንድሟ ባለበት፣ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካችው።

ፍላሹ የይለፍ ቃል ጠየቀ።

«በል ንገረኝ» አለችው።

ሲስተም ፍላሹን ነቅሎ መልሶ ሰካው።

«አንተ! ምንድን ነው ቃሉ?»

«ረጅም ነው እትዬ። ማሽኑ ራሱ የፈጠረው ነው፤ በቃል አይያዝም።»

«እና የት አስቀመጥከው?»

«እዚያው።»

«እዚያው የት?»

«ካዝናው ውስጥ።»

እህቱ ከወንበሯ ተነሳች፣ መልሳ ተቀመጠች። «የሳጥኑን ቁልፍ ሳጥኑ ውስጥ ከተህ ቆለፍክበት? ለዚህ ነው ያ ሁሉ ትምህርት?»

«ደኅንነቱ እንዲጠበቅ ብዬ ነው።»

«ተጠበቀልህ! ከእኛም ጭምር ተጠበቀልህ!»

«አንቺስ? ዓመት ሙሉ ስታስቀምጪው አንድ ቀን ከፍተሽ አይተሽዋል?»

ይህ አንጀቷ ድረስ ገባ። እውነት ነበርና። ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ ቅጂ አይደለም፤ የልብ ማረፊያ ብቻ ነው። እሷ መቆለፏን እንጂ መክፈቷን አስባው አታውቅም።

እናታቸው ሰሌዳውን በጣታቸው መቱት። «ታብሌቱስ?» ብለው ጽፈዋል።

አሮጌው ታብሌት ባትሪው ከደከመ ወዲህ ቁም ሣጥን ውስጥ ተረስቶ ነበር። ሲስተም ያንኑ ካዝና ለእናቱ ብሎ ጭኖበት ነበር። ፊቱ በራ፣ ወዲያው ደግሞ ጠቆረ። «ታብሌቱ እገዳውን ገና አልሰማም፤ ያለ ኢንተርኔት በዋናው ቃል ይከፈታል። ግን መስመር ካገኘ ይሰማና ያለውን ሁሉ ያጠፋዋል። የቤቱን ዋይፋይ ደግሞ በራሱ ነው የሚይዘው።»

እህቱ ሄዳ የዋይፋዩን ገመድ ከግድግዳው ነቀለችው። የሁሉንም ስልክ አጥፍታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች።

ታብሌቱን ቻርጅ ላይ ሰክተው ጠበቁ። ሲበራ ሲስተም ዋናውን ቃል ጻፈ፤ ቸኩሎ ስለነበር አንዴ ተሳሳተ። በሁለተኛው ካዝናው ተከፈተ። መጀመሪያ የድምፁን መለያ ፈለገ፤ አልነበረም። ድምፁ የተቀዳው ታብሌቱ ከተረሳ በኋላ ነው። የፍላሹ ቃል ግን ነበረ፤ ፍላሹን ለእህቱ ከመስጠቱ አስቀድሞ፣ የራሱ ሳለ የቆለፈበት አሮጌ ቃል ነውና።

«ትልቁ ቢ፣ ሰባት፣ ትንሹ ኬ፣ ኮከብ ምልክት፣ ትንሹ ኤም...»

«ቀስ በል! ጋሪ ነው የምትነዳው?»

በወረቀት ጽፋ ስትጨርስ ኮምፒውተሩ ላይ አስገባችው። አልተቀበለም። ሲስተም ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። እናታቸው ወረቀቱን ወስደው ከታብሌቱ ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩትና አንድ ቦታ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ፤ አንድ ፊደል ተዘሏል። እህቲቱ ጨመረችው። ፍላሹ ተከፈተ፤ የድምፁ መለያ ቃልም እዚያ ተቀምጦ ተገኘ።

ታብሌቱን አጥፍተው ገመዱን መለሱ። የመጀመሪያው ድምፅ ወርዶ ሲያበቃ ሲስተም ከፈተው።

«ልጆቼ፣ ኧረ በሩን ዝጉት፣ ብርድ ገባ» አለ የእናታቸው ድምፅ፣ ጥርት ብሎ፣ ጣቢያው ውስጥ ሆነው እንደሚጠሩት።

እናታቸው መዳፋቸውን በድምፅ ማጉያው ላይ አሳረፉ፤ ድምፁ ካለቀ በኋላም አላነሱትም። ሲስተም ማልቀስ ጀመረ።

እህቱ አላባበለችውም። ንዴቷ አልበረደላትም፤ እንዲበርድላትም አልፈለገችም። የተቀዳው ሁሉ ወርዶ እስኪያልቅ ጠበቀች፤ ፍላሹ ላይ ገለበጠችውና ነቅላ ከወረቀቱ ጋር እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

«እንባህን ጥረግና ክፈተው» አለችው። «ከመጀመሪያው ጀምረህ። እኔ እያየሁ።»