በቀኝ በኩል ያለው ቀለም

«ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር» የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው ሹፌር መሆን አለበት። እኔ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ስነዳ ያተረፍኩት ነገር ቢኖር መጠርጠር ነው። የቆመ መኪና ድንገት በሩን ይከፍታል። ኳስ ከተንከባለለች ከኋላዋ ልጅ አለ። ፈገግ ብሎ የሚጠጋህ ረዳት ደግሞ አንድ ያጠፋው ነገር አለ። በዚህ ጠባዬ አውቶቡሴ ጭረት ሳታውቅ፣ ሰፈሩ ያወጣልኝን «ሚሊሜትር» የሚል ስም በኩራት ተሸክሜ ጡረታ ወጣሁ።

አሁን ያለችኝ ነጭ የቤት መኪና ናት። በየጠዋቱ ዞሬ ካላየኋት ቁርስ አይወርድልኝም። ታዲያ አንድ ጠዋት በቀኝ በኩል፣ የኋላው በር ላይ፣ መዳፍ የምታህል ቦታ ከሌላው ይበልጥ ስታበራ አገኘኋት። ጠጋ ብዬ አሸተትኩ። ቲነር ነው። ፖሊሽም አለበት። አንድ ሰው መኪናዬን ከሆነ ነገር ጋር አጋጭቶ፣ የተለጠፈባትን ቀለም አስለቅቆ፣ አሳምሮ መልሷታል ማለት ነው።

ቁልፍ ያለን ሁለት ሰዎች ብቻ ነን፤ እኔና አማቼ።

አማቼ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ልጄን አግብቶ እኛው ግቢ ውስጥ ነው የሚኖሩት። ክፉ ሰው ነው አልልም፤ ግን ዝም ይላል። ሲበላ ድምፅ የለውም፣ ሲገባ ድምፅ የለውም፣ ሲወጣ ድምፅ የለውም። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ይታመናል? ልጄ ወሯ ገብቷል። ምጧ ሲመጣ ሐኪም ቤት የሚያደርሳት እሱ ነው ተብሎ ነበር ትርፉን ቁልፍ የሰጠሁት። መኪና አጋጭቶ የሚደብቅ ሰው ልጄንና የልጅ ልጄን ጭኖ እንዲበር ልተወው?

የዚያን ዕለት እራት ላይ ተናገርኩ።

«ይህችን መኪና ያጋጨ ሰው ከእንግዲህ መሪዋን አይጨብጣትም! ማንም ይሁን ማን! ምዬ ነው የምነግራችሁ!» ብዬ እጄን ሳወናጭፍ በቀኜ የነበረ ብርጭቆ ወለሉ ላይ ተከሰከሰ። «ብርጭቆ ጥግ ላይ የሚያስቀምጠው ደግሞ ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለች ባለቤቴ ስብርባሪውን ልትለቅም ጎንበስ እያለች። «ይልቅ ብላ።»

አማቼ ቀና አላለም። ሰሃኑን ብቻ ነው የሚያየው። ንጹሕ ሰው ሰሃን ያያል?

«ሐኪም ቤትም እኔው ራሴ ነኝ የምወስዳት» ብዬ ጨመርኩበት። ልጄና እናቷ ተያዩ።

ከዚያ ወዲያ መኪናዋን በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ ያዝኩ። አንድ ቀን በመኪናዬ ሄጄ ፀጉሬን ተስተካክዬ ተመለስኩና ምሳዬን በልቼ ጋደም አልኩ። ስነሳ ከፊት ጎማው በላይ፣ ቀኝ ፓራፋንጎ ላይ ሰማያዊ ቀለም ተለጥፏል! አማቼ ምሳ ሰዓት ላይ ብቅ ብሎ ነበር። እኔን አስተኝቶ ይዟት ወጥቷል ማለት ነው። ቀለሙን በጥፍሬ ፋቅ አደረግኩት። ሥሩ ያለው የራሷ ነጭ ቀለም ደህና ነው፤ ሰማያዊው ላዩ ላይ የመጣ ነው። ወፈር ብሎ ልስልስ ስለሚል የመኪና ቀለም አይደለም፤ የግቢ በር ቀለም ነው።

ችግሩ የሰፈሩ ቀለም ሻጭ አንድ ሰሞን ሰማያዊ ብቻ አምጥቶ ግማሹ ሰፈር በሩን ያንኑ መቀባቱ ነው። ቢሆንም እየዞርኩ በር መመርመር ጀመርኩ። ሰፈራችን ያለችው ልብስ ሰፊ ደጃፍ ስደርስ ቆምኩ። ብቻዋን ነው የምትኖረው፣ መልክ አላት፣ አማቼም ሰሞኑን መብራት ሊሠራላት ይመላለስ ነበር። አምፖል ለመቀየር ስንት ጊዜ ይኬዳል? ልጄ ያን ሆድ ይዛ!

«ጋሼ ሚሊሜትር፣ ምን እየፈለጉ ነው?» አለችኝ በሩን ከፍታ። አፍንጫዬ በሩን ሊነካ ምንም አልቀረው።

«ቀለሙ ደስ ብሎኝ ነው።»

«የእርስዎም በር እኮ ያው ነው» አለችኝ እየሳቀች።

ወሬ ማስቀየሷ ነው አልኩ በልቤ።

ቤት ስመለስ ባለቤቴ ብሩሽ ይዛ የግቢያችንን በር የብረት ምሰሶ ትቀባለች። ሰሞኑን አመል ሆኖባታል።

«አንቺ ሴትዮ፣ በሩ ሙሉ እያለ ይህን ምሰሶ ብቻ ምን ብለሽ ወደድሽው?»

«ዝናብ እየመታው ነዋ።»

«ዝናቡ የሚመታው እሱን ብቻ ነው?»

ብሩሹን ቀለሙ ውስጥ ነከረች። መልሷ አልጣመኝም፤ ግን ሐሳቤ ልብስ ሰፊዋ ጋ ስለነበር ተውኳት።

በማግስቱ ገና ወፍ ሲንጫጫ ተነስቼ ከውኃ በርሜሉ ኋላ አደፈጥኩ። ብዙም ሳልቆይ የጨርቅ ፍትጊያ ሰማሁ። አንገቴን ብቅ ባደርግ አማቼ ተንበርክኮ ፓራፋንጎውን ያሻል። የቲነሩን ጠርሙስ የያዘችለት ደግሞ የገዛ ሚስቴ ናት!

«ቀስ በል ልጄ» ትለዋለች በሹክሹክታ። «ጨርቁን ቶሎ ቶሎ ገልብጠው። ቲነሩ ከቆየባት የራሷንም ቀለም ይበላዋል።»

«ለመድነው እኮ እማማ» አላት። ሁለቱም ድምፃቸውን አፍነው ሳቁ።

ደሜ ፈላ። «ያዝኳችሁ!» ብዬ ስወጣ አጠገቤ የነበረ ባልዲ ጠልፎኝ ልደፋ ነበር። «ለአማችሽ ብለሽ ባልሽን ታሞኚያለሽ? ከማን በር ጋር ነው ያጋጫት? ንገሩኝ!»

አማቼ ተነሳ። ጨርቁን አጣጥፎ አስቀመጠና ከኪሱ ትርፉን ቁልፍ አወጣ።

«እኔ ነኝ አባባ። አጥፍቻለሁ። ይኸው ቁልፉ።»

ልቀበለው እጄን ስዘረጋ ባለቤቴ መሃላችን ገባች።

«በቃ! ቁልፉን ኪስህ መልስ ልጄ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ሰውዬ፣ አንገትህን ሳታዞር ፊት ለፊት እኔን ብቻ እየኝ። በቀኝህ ማን አለ?»

«የምን ጨዋታ ነው?»

«በቀኝህ ማን አለ?»

«ማንም የለም!»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ማንም የለም አልኩሽ እኮ!»

ያኔ አንድ እጅ ቀኝ ክንዴን ያዘኝ። ዘወር ስል ልጄ ናት። ያን የሚያህል ሆድ ይዛ ጎኔ ቆማለች። ጉንጯ በእንባ ርሷል።

«ከጮህክ ጀምሮ እዚሁ ነኝ አባዬ» አለችኝ።

ባለቤቴ ሰማያዊውን ምሰሶ አሳየችኝ። «በገባህ ቁጥር ትታከከዋለህ። እኛ ደግሞ እሱን እየቀባን እሷን እያጸዳን ከረምን። ቀለሙ ሳይደርቅ ትመለስና እንደገና ትታከከዋለህ። ዓይንህን ሐኪም ይየው ብልህ ሰፈሩን ታፈርሳለህ። መንዳት ከቀረብህ ምን እንደምትሆን ደግሞ አውቃለሁ። ለብርጭቆውም ለባልዲውም ሰበብ እየፈለግን ቻልነው። ልጄን እኔ ነኝ የምወስዳት ስትል ግን...» ጠርሙሱን መሬት አስቀመጠችና ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

ልብስ ሰፊዋ ያለችኝ ያኔ ገባኝ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። የሰው በር ሳሸት ከርሜ የገዛ ምሰሶዬን አላየሁም። አማቼን ቀና ብዬ ማየት አፈርኩ። ከማፈሬ ይልቅ ግን ፈራሁ። በዚህ ዓይን ስንት ጊዜ ገበያ መሃል ነድቻለሁ? በቀኜ ስንት ሰው ቆሞ ነበር?

«ሐኪም እናማክራለን አባባ» አለ አማቼ። «መነጽር ሊሆን ይችላል፣ መድኃኒትም...»

«ማንም ይሁን ማን ብያለሁ» አልኩት።

ቁልፌን ከኪሴ አወጣሁ። መሬት መሬቱን እያየሁ ቁልፉን ወደ ቀኜ ዘረጋሁ። አንድ ሰው ቀስ ብሎ ተቀበለኝ። ማን እንደሆነ አላየሁም።