እፍ የማይባልበት ቤት

ጎረቤቴ መምህር ደገፉ ሲጋራ ያስተወኝ በምክር አይደለም፣ በችክታ ነው። ወላይታ ሶዶ ውስጥ የምንዋሰነው በአንድ አጥር ነው። እኔ የቆርቆሮና የምስማር ሱቅ አለኝ፤ እሱ የሳይንስ መምህርና የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ነበር። እኔ የማርያም ልጅ፣ እሱ ጴንጤ። ሱቄ ደጃፍ ላይ ሲጋራ በለኮስኩ ቁጥር ከየት መጣ ሳይባል አጠገቤ ይቆማል። አይቆጣም፣ አይሰብክም። እስክጨርስ ይጠብቅና፣ «ጉልላት ወንድሜ፣ ለቅሶህ ላይ ቆሎ የሚያዞር ልጅ ገና አላደረስክም» ብሎኝ ይሄዳል። በመጨረሻ ከሲጋራው ይልቅ እሱን ለመገላገል ስል ተውኩት። ሳሉም አብሮ ተወኝ።

ሌላው ሰው «ያ ክፉ በሽታ» ብሎ የሚያልፈውን እሱ ካንሰር ብሎ በስሙ ይጠራዋል። በእድር ስብሰባ፣ በሠርግ፣ በሐዘን ቤት ሳይቀር ስለ ትምባሆ፣ ስለ አረቄ፣ ስለ ጮማ ያነሣል። መስቀል ደርሶ በማኅበር የገዛነው ሰንጋ ሲታረድ፣ ሁሉም ቢላውን ስሎ ጥሬ ሥጋው ላይ ሲረባረብ፣ እሱ ጎመንና ካሮት በሳህን ይዞ ይመጣል። በዓመት አንድ ቀን እንኳ አይምረንም። ካሮት ብዬ የሰየምኩት እኔ ነኝ፤ ስሙም ሰፈሩን አዳርሷል።

ለራሱ የሚፈቅደው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ ሀይታ ቱኬ። የቡና ቅጠል ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከሚጥሚጣ ጋር ተፈልቶ የሚጠጣ፣ በወላይታ ቤት ጎረቤት ለጎረቤት በጠዋት የሚጠራራበት መጠጥ ነው። የደገፉ ሚስት ሚርያም ታፈላዋለች፤ ከእሳት ላይ እየተንተከተከ በቀጥታ ወደ ሲኒ ይገባል። እዚያ ቤት እፍ ማለት ነውር ነው። የቀዘቀዘ ማቅረብ ደግሞ እንግዳውን ተነሥና ሂድ ማለት ነው። ደገፉ እኔ ሲኒውን በጣቴ ጫፍ ይዤ ስገለባብጥ የራሱን ጨልጦ ሁለተኛ ያስቀዳል። «እኛ ጴንጤዎች አረቄያችን ይቺ ናት» ይል ነበር። እኔ ምላሴ ሲላጥ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ በስርቆት እፍ እላለሁ። ሚርያም ካየችኝ፣ «ጋሽ ጉልላት ዛሬም ልጅ ነው እንዴ?» ብላ ቤቱን ታስቅብኛለች።

ከምርጫ ዘጠና ሰባት በኋላ፣ ባጃጅ ከተማውን መሙላት በጀመረበት ሰሞን፣ ደገፉ ምግብ መተው ጀመረ። መጀመሪያ ሥጋ ይተናነቀኛል አለ፤ እኔ ሥጋን ለመጥላት አዲስ ሰበብ አገኘ ብዬ ሳቅኩበት። ቀጥሎ ቦይናውን ተወ፤ እንደ ቅቤ የሚሟሟውን የወላይታ ጎደሬ። ይኼኔ ሳቁ ከእኔም ጠፋ። ሚርያም አንድ ቀን በአጥር በኩል ጠርታኝ ምግብ እንደማይወርድለት በሹክሹክታ ነገረችኝ። ትኩስ ሲሆን ይወርድልኛል ስላላት፣ ሀይታ ቱኬውን ከበፊቱም አብልጣ እያፈላች ትሰጠው ነበር።

ልጃቸው ቤቴል ጉኑኖ ከተማ ታስተምራለች። ለእረፍት መጥታ የአባቷ ቀበቶ አዲስ ቀዳዳ እንደተበሳበት ስታይ ጮኸች፤ በነጋታው ሆስፒታል ወሰድነው። ከጉሮሮው በታች ናሙና ተወስዶ አዲስ አበባ ተላከ። ውጤቱ ሲመጣ አራታችንም ዶክተር መክብብ ፊት ተቀመጥን። ዶክተሩ ልጅ እግር ነው፤ አላድበሰበሰም። የምግብ ቧንቧ ካንሰር ነው አለን፣ ዘግይቷልም አለ።

ከዚያ ሁሉም ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። አልፈርድባቸውም፤ እኔም የራሴን ጉሮሮ ይዤ ነበር። ካንሰር ከዚያ አጥር ግቢ አንድ ሰው ሊወስድ ቢመጣ መንገዱ በእኔ ደጅ ነበር።

«ተሳስታችኋል» አለ ደገፉ በመምህር ድምፅ። «እኔ አጭሼ አላውቅም። አረቄ አልቀመስኩም። ጫት በደጄ አላለፈም።»

ዶክተሩ አልተሟገተውም። የሚበላውን ጠየቀው፣ ቀጥሎ የሚጠጣውን። ለመጨረሻው ጥያቄ የመለሰችው ሚርያም ናት። ደገፉን ለማዳን የምትመሰክር መስሏት ቀና ብላ ተናገረች፤

«ዶክተር፣ እኔ ቤት የቀዘቀዘ ነገር ሰው አፍ ገብቶ አያውቅም። ከእሳት አውጥቼ ነው የምሰጠው።»

ዶክተሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እንዲህ ያለው በሽታ በአንድ ሰው ላይ ለምን እንደወጣ ምሎ መናገር የሚችል ሐኪም የለም አለ። ግን በየቀኑ ጉሮሮን እየለበለበ የሚወርድ መጠጥ አደጋውን እንደሚያበዛ ይጠረጠራል፤ ቅጠሉ አይደለም፣ ግለቱ ነው። ለብ እስኪል መጠበቅ ብቻ ይበቃ ነበር። ይህን ሁሉ በለሆሳስ ነበር የነገረን። ሚርያም እጆቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ የሌላ ሰው እጅ እንደሆኑ ሁሉ ታያቸው ጀመር።

እኔ ተናደድኩ። በማን እንደሆነ አላውቅም፣ ብቻ ደሜ ፈላ። ትምባሆ ያጨስኩት እኔ፣ በመስቀል ጮማ የቆረጥኩት እኔ፣ እሱ በካሮት! እግዚአብሔርን በአማርኛ ሁለት ሦስት ቃል ተናገርኩት፤ ኋላ ንስሐ ገብቼበታለሁ።

ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ደገፉ የዳሞታን ተራራ እያየ፣ «ያስተማርኩት ሁሉ ሐሰት ነበር ወይ?» አለኝ።

«ያስተማርከው ትክክል ነው መምህር። የእኔ ጉሮሮ ምስክር ነው።»

«አንዲት ነገር ጎደለች» አለ። «እሷም እጄ ላይ ነበረች።»

አቅም ሳያጣ ያቺን የጎደለች ነገር ለመሙላት ሞከረ። ቤተ ክርስቲያን ቆሞ በሰለለ ድምፅ፣ ሀይታ ቱኬን አትተዉ፣ ብቻ ይብረድላችሁ አለ። አሜን አሉት። ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው የልጅነት ጓደኛው አሮን ቤት ገቡና እንደወትሮው ከእሳት አውርደው ጠጡ። ሕመሙ ነው የሚያናግረው፣ አባቶቻችን የጠጡት መቼ ገደላቸው አሉ። አባቶቻቸው በምን እንደሞቱ ግን የመረመረ አልነበረም። ደገፉ ይህን ሲሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያለቅስ አየሁት። መስቀል ሳይደርስ አረፈ።

የለቅሶው ዳስ እስከ እኔ ሱቅ ደጃፍ ድረስ ሞላ። ሴቶች ቅጠሉን በትልቅ ማሰሮ አፍልተው ሲያወጡ እንፋሎቱ የተቀመጠውን ሰው ፊት ሸፈነው። ሲኒ ለሁሉም ታደለ። አሮን ተነሣ፤ ዓይኑ ቀልቷል፣ ጓደኛውን ከልቡ ይወድ ነበር። «ወንድማችን እፍ የማይል ወንድ ነበር» አለ። «እሱ እንደሚወደው እንጠጣለት።» ብሎ አንዴ ጨለጠው። ዳሱ ሙሉ ሰው ሲኒውን አነሣ።

ሰውየው የሞተበትን ነገር ለክብሩ እየጠጡለት ነው! ቤቴል አፏን በሁለት እጇ ይዛለች።

ይኼኔ ሚርያም ከምንጣፉ ተነሣች። ሐዘንተኛ ተነሥታ እንግዳ ስታስተናግድ አይቼ አላውቅም፤ ዳሱም አላየም። ነጠላዋን እንዳደገደገች ወደ ጓዳ ገብታ የውሃ ጆግ ይዛ ወጣች። ማሰሮው አጠገብ ደረሰችና ቀዝቃዛውን ውሃ ገለበጠችበት። እንፋሎቱ ቆመ። በሕይወቷ የቀዘቀዘ አቅርባ የማታውቅ ሴት።

አሮን ፊቱ ተለዋወጠ። «ሚርያም» አለ ቀስ ብሎ፣ «እንግዳ ነን እኮ። ሂዱ እያልሽን ነው?»

«አይደለም» አለችው። «እንድትቆዩልኝ ነው።»

ከማሰሮው ቀድታ ዘረጋችለት። አሮን ሲኒውን በሁለት እጁ ተቀብሎ እንደቆመ እሷን አያት፤ ከዚያ ለብ ያለውን ጠጣ። ከዳሱ ተነሥቶ የሄደ ሰው አልነበረም።