ቢጫው ኮኮን

ጋሽ በንቲ የበረሮ መድኃኒት መርጫውን በጀርባቸው አዝለው ሳሎኑን ጨረሱና ወደተቆለፈው ክፍል መጡ። የእድራችን ዳኛ ናቸው። ነገ የባለቤቴ የቦጋለ ሙት ዓመት ስለሆነ፣ እንግዳ ሳይገባ ቤቱን ላጽዳልሽ ብለው ሳልጠይቃቸው ነው የመጡት።

«ይህንንም ክፈቺልኝ።»

«ይህ ይቅር፣ ጋሽ በንቲ።»

«ልጄ፣ የሟችን ልብስ ዓመት ሙሉ ቆልፈሽበት ነው በረሮ የፈላብን። የጀሞ በረሮ ደግሞ ሐዘን አያውቅም!»

ከኋላቸው የቆመችው ጎረቤቴ ገበያነሽ ሳቋን ዋጠች።

ሁሉም ሰው ክፍሉ የቦጋለ ልብስ ያለበት ይመስለዋል። አላረምኳቸውም፤ ከጥያቄ ያድነኝ ነበር። አሁን ግን የመድኃኒቱ ሽታ በበሩ ሥር መግባት ጀምሯል። ጥቁር ነጠላዬን አውልቄ ክፍተቱን ጠቀጠቅሁት።

«ልብስ አይደለም፤ የሐር ትል ነው። ከተረጨ ያልቃል።»

«ትል? ከእኔ መኝታ ቤት ጎን?» አለች ገበያነሽ።

ነገርኳቸው። በዚህ ዝርያ ሴቷ ቢጫ ኮኮን፣ ማለትም ራሷን የምትጠቀልልበትን የሐር ቤት፣ ትፈትላለች፤ ወንዱ ነጭ። ሴት የሚያደርጋት አንዲት ትንሽ አርኤንኤ፣ ከዘር መልእክት የምትቀዳ ሞለኪውል፣ ናት። ፕሮቲን አትሠራም፤ ወንድ የሚያደርገውን ጂን ዝም ታሰኛለች። ይህች አርኤንኤ ከታገደች ሴቷ የወንድ ጠባይ ታሳያለች ብሎ ነበር ቦጋለ። ሳያይ ሞተ። እንቁላሎቹን እኔ በማስታወሻው መሠረት በቀድሞ ቤተ ሙከራው አርኤንኤዋን የሚያግድ ፈሳሽ ወጋኋቸው። ከተወጉት ሦስት ቢጫ ኮኮኖች ብቻ ተረፉ። ዛሬ ይከፈታሉ።

ጋሽ በንቲ መርጫውን አውርደው ደረጃው ላይ አስቀመጡት። መስኮቶቹን ከፋፍተን፣ ሽታው እስኪወጣ ጠብቀን ገባን።

በአንደኛው ሳጥን ውስጥ ከተወጉት ሦስት ኮኮኖች አንዱ ተቀዷል። ከአጠገቡ፣ ከውስጡ የወጣች፣ እንደ ሴት ሆዷ የከበደ የእሳት ራት ክንፏን ታርገበግባለች።

«ይኸው ደስ ብሏታል» አሉ።

ወንዱ ሴት ሲያሸት እንዲህ ያርገበግባል። መድኃኒት የነካትም እንዲሁ ትንቀጠቀጣለች። ወደ ሌላው ሳጥን ዞርኩ፤ ካልተወጋ ቢጫ ኮኮን የወጣች ሴት አለችበት። ያንኑ አየር ስባለች። መድኃኒቱ ገብቶ ከሆነ እሷም ትንቀጠቀጣለች።

ጎንበስ አልኩ። ትንፋሼን ያዝኩ።

ጸጥ ብላ ተቀምጣለች።

የተወጋችው ግን ክንፏን እየመታች ወደ እሷ ሳጥን አቅጣጫ መሄድ ጀመረች።

የቦጋለን ደብተር ገለጥኩ። ሰዓቱን ጻፍኩ። ገበያነሽ ነጠላዬን ከመሬት አንስታ አራግፋ ትከሻዬ ላይ ልትጥልልኝ ቀረበች።

«መልሺው» አልኳት፤ «በሩ ሥር። ገና ያልተከፈቱ ሁለት ቀርተዋል።»