ሱኒልዶ የተላጨ ቀን

እመቤት ቴዎዲንዳ የልጇን እግር በሆምጣጤ በተነከረ ጨርቅ ታብሳለች። ሱኒልዶ በወንዙ ዳር ያለችውን ከተማና ምሽጎቿን የሚገዛ ሰው ነው፤ ንዳድ ከጣለው ወዲህ ግን እናቱን እንኳ አይለይም።

“እመቤቴ፣ አሁን ካልሆነ መቼ ሊሆን ነው?” አሉ አበምኔቱ አባ ሬኔሪዮ። መቀሱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። “ንስሐ ሳይገባ ቢሞት ያ ሁሉ ደም አብሮት ይሄዳል።”

የትኛው ደም እንደሆነ ታውቃለች። አምና ሱኒልዶ ያመፁትን መንደርተኞች፣ ቤተ ክርስቲያን ገብተው እንደተጠለሉ፣ ከነሕፃናቱ አቃጥሏቸዋል። ግን ደግሞ በሕመም አልጋ ላይ ተላጭቶ የንስሐ ልብስ የለበሰ ሰው፣ ቢድን እንኳ፣ ሰይፍ አይታጠቅም፤ አይገዛም፤ ከሚስቱ ጋር አይኖርም። ራሱን ስቶ ነበር ቢባል ሕጉ አይሰማም።

የሟች ባሏ ወንድም ቫልዳሪክ በሩ ላይ ቆሞ የወይራ ፍሬ ይበላል። “ምን ትጠብቂያለሽ? ነፍሱን እንኳ አትርፊለት እንጂ።”

“አንተ ለነፍሱ ማሰብ የጀመርከው ከመቼ ወዲህ ነው? ወንበሩን ለካኸው?”

“ለክቼዋለሁ። ትንሽ ይሰፋኛል” አለ ሳያፍር።

የሱኒልዶ ሚስት ሬሲንዳ ከአልጋው ግርጌ ተቀምጣ ነበር። “እማማ፣ አይላጭ። ይነሣል።”

“በምን አወቅሽ?”

“ትናንት ውሃ ሲውጥ አይቻለሁ።”

ወዲያው የሕመምተኛው ጉሮሮ አጓራ፤ ከዚያ ትንፋሹ ቆመ። ተመልሶ እስኪመጣ ድረስ ቴዎዲንዳም አልተነፈሰችም። በዓይኗ የመጣባት የሲኦል እሳት ነው።

“ይላጩት፣ አባቴ” አለች።

ሬሲንዳ ፊቷን ሸፈነች። ረጅሙ ጸጉር ትራሱ ላይ ወደቀ፤ ሻካራውን ልብስ አለበሱት። ቫልዳሪክ እስኪያልቅ አልጠበቀም፤ ወዲያው ከግቢ ድምፁ ተሰማ፣ ዘበኞቹን እያዘዘ።

ሱኒልዶ ግን አልሞተም። በሳምንቱ ላቡ ወረደና የሚበላ ጠየቀ። እናቱ የገብስ ሾርባ እያጎረሰችው ሳለ እጁን ወደ ተላጨው ራሱ ሰደደ።

“ማነው ያስላጨኝ?”

“እኔ ነኝ።”

“አጎቴ አስገድዶሽ ነው?”

አዎ ብትል ያምናት ነበር። “የለም፣ ልጄ። በራሴ ነው።”

“ሬሲንዳስ?”

“አባቷ ወሰዳት። ከእንግዲህ አብራችሁ አትኖሩም።”

“እኔ ንስሐ ስጡኝ አላልኩም።”

“አላልክም። ስለእነዚያ ሰዎች ፈርቼልህ ነው።”

“ስላቃጠልኳቸው?”

“አዎ።”

“እኔኮ አልጸጸተኝም፣ እናቴ። ዛሬም ቢሆን አቃጥላቸዋለሁ።”

ማንኪያው አየር ላይ ቀረ። ከመተላለፊያው የአባ ሬኔሪዮ ጸሎት ይሰማል። ቴዎዲንዳ ተነሥታ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው፤ ተመልሳም አጠገቡ ተቀመጠች።

“ዝም በልና ብላ” አለችው።