በሁለት ጎማ ዳገት

እማማ ፒንሳን ፒንሳ ያሰኛቸው እጃቸው ብቻ አይደለም፤ አፋቸውም ነው። ብሎንም ይሁን ሰው አንዴ ከያዙ ሳያዞሩ አይለቁም። ፊደል የሚባል ነገር አልቆጠሩም፤ መፍቻዎቻቸው ላይ የተቀረጸው ቁጥር ለእሳቸው የዝንብ ኩስ ነው። ታዲያ ምን አደረጉ? መፍቻውን ሁሉ የጥፍር ቀለም ቀቡት። ቀዩ ለጎማ፣ ሮዙ ለካምቢዮ፣ ወርቃማው ለፍሬን። ብሎኖቹንም እንደየመፍቻቸው ቀቧቸው። የጋራዡ ግድግዳ ለጭፈራ የተሰናዱ ሴቶች ጣታቸውን የዘረጉበት ይመስላል። ይሄን አይቶ የሚስቅ ደንበኛ ሞልቷል፤ መኪናው ተሠርታ ስትወጣ ግን ሳቁን ይውጣል።

ባለቤታቸው ሲሞቱ የተዉላቸው ያንን ጋራዥና አንዲት መኪና ነው። መኪናዋ አራቱም ጎማዎቿ የሚጎትቱ፣ ጭቃ የማትፈራ ጉድ ነበረች። ነበረች ነው የምላችሁ። ዘንድሮ የፊት ጎማዎቹን የሚያዞሩት ሁለቱ ሻፍቶች መገጣጠሚያቸው አለቀና መሪ በዞረ ቁጥር ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ማለት ጀመሩ። የእማማ ፒንሳም ጉልበት እንደዚያው ይላል። የእሳቸውን ማንም አልሰማም፤ የመኪናዋን ግን አማቻቸው ሰማ።

አማቻቸው የመንገድ መሐንዲስ ነው። ሸሚዙ ኪስ ላይ ሁልጊዜ ሁለት እስክሪብቶ ይሰካል፤ አንዱ ቢከዳው ብሎ ይሆናል። ሐሙስ ጠዋት መጣና ጉሮሮውን ጠረገ።

«እማማ፣ ሻፍቱን አፈላልጌ አጣሁት። መሠራት ካቆመ ቆይቷል አሉኝ። መኪናዋን ለብረት ገዢው እንስጣትና ጋራዡን ዘግተው እኛ ጋ ይምጡ። የጓሮውን ክፍል ቀለም አስቀብተንልዎታል።»

«ምን ቀለም?»

«ክሬም።»

«ክሬም ደሞ ቀለም ነው? የፈራ ነጭ ነው እንጂ!»

ቀልዱን ቀለዱ እንጂ ያንን ክፍል አይተውታል። አልጋ አለው፣ መጋረጃ አለው፣ ቴሌቪዥን አለው። የሚፈታ አንድ ብሎን ግን የለውም። እዚያ ከገቡ እጃቸው ጭናቸው ላይ እንደተጋደመ ነው የሚሞቱት።

«ስማ ልጄ» አሉት፣ «እሁድ እስከ ቀትር ድረስ ይቺ መኪና በራሷ ጉልበት ዳገቱን ወጥታ በራችሁ ላይ ካልቆመች፣ ፍራሼን ተሸክሜ እመጣለሁ።»

«ከወጣችስ?»

«ከወጣች ያ ክፍል የዶሮ ይሆናል። አንተም ዕድሜዬን ዳግመኛ አትቆጥርልኝም።»

«ያለ ፊት ሻፍት ትወጣለች?» አለና ሳቀ። «እሺ እማማ፣ በቃልዎ!»

«በቃሌ!»

የባለቤታቸው ታናሽ እህት ልብስ ሰፊ ናት። ሱቋና ጋራዡ አንድ ግድግዳ ስለሚጋሩ የሚያመልጣት ወሬ የለም። ወፈር ያለች፣ ሳቋ ከሰውነቷ የሚበልጥ ሴት ናት። ጋራዡ ውስጥ አምፖል መያዝ የእሷ ሥራ ነው፤ አምፖሉን ይዛ ራሷ የምትሠራ እየመሰላት ላቧን ትጠርጋለች።

«እትዬ፣ እውነት የመኪናዋን እግር ልትቆርጪ ነው?»

«የፊቱን። ድሮ መኪና ሁሉ በኋላ ጎማው እየተገፋ አልነበር የሚሄደው? የኋላው ይግፋ፣ የፊቱ መንገድ ብቻ ያሳይ።»

«እንደ ወንድሜ በይኛ! እሱ ከፊት ሲያዝ፣ አንቺ ከኋላ ስትገፊ!»

«መንገዱንስ መች ያውቅና!»

ሁለቱም ሳቁ። አምፖሉ እየተወዛወዘ ግድግዳው ላይ ያሉት ባለቀለም ጣቶች አብረው የጨፈሩ መሰለ።

መኪናዋን በክሪክ አንስተው ሻፍቶቹን መሀል ለመሀል በሴጌቶ ቆረጧቸው። በጎማው በኩል የቀረውን ጉራጅ አልነኩትም፤ ኩሽኔታውን አጥብቆ የያዘው እሱ ነውና ቢወጣ ጎማው ብቻውን ገበያ ይሄዳል። በካምቢዮ በኩል ያለውንም ተዉት፤ ዘይቱን ይድፈንልኝ ብለው። አርብ ሳይመሽ ጨረሱ። ጨርሰው ደግሞ እንደ ሰው ዝም ብለው ቢሞክሯት ምን ነበረበት? የለም! ሳይሞክሩ ለሰፈሩ ሁሉ ለፈፉ።

ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤቱ ዳር ዳር ቆሞ ጠበቀ። አማችየው ከእማማ ፒንሳ አጠገብ፣ ልብስ ሰፊዋ ከኋላ ተቀመጡ። ሞተሩ ተነሳ፤ አንደኛ ማርሽ ገባ፤ ፍሪሲዮኑ ተለቀቀ። ሞተሩ አገሳ። ሁለተኛ ገባ፣ ሦስተኛ ገባ።

መኪናዋ ቀጥ ብላ ቆማለች። አንዲት ዶሮ ጎማው ሥር ቆማ ትጭራለች።

አማችየው የፍጥነት መቁጠሪያውን አየና «እማማ፣ በስድሳ እየሄድን ነው» አለ።

«ቀስ በይ እትዬ» አለች ልብስ ሰፊዋ ከኋላ፣ «ነፋሱ ጸጉሬን አበላሸው!»

መንገዱ በሳቅ ፈረሰ። እማማ ፒንሳም መሪው ላይ ተደፍተው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። አማችየው ግን ሲወርድ ትከሻቸውን ነካ አድርጎ፣ «ነገ በስድስት ሰዓት የብረት ገዢው ይመጣል። ፍራሹን እኔው እሸከምልዎታለሁ» አላቸው። ይህን በደግነት ነው ያለው፤ እሱ ነው የባሰው። በስድብ ቢለው ይመልሱለት ነበር።

ሰው ሁሉ ሲበተን እማማ ፒንሳ ልብስ ሰፊዋ ሱቅ ገብተው በርጩማ ላይ ዘጭ አሉ። ልብስ ሰፊዋ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። የብረት ስፌት መኪናዋ መዘውር ሽርርር ብሎ ይዞራል።

እማማ ፒንሳ ቀና አሉ።

«አንቺ፣ መርፌሽ ለምን ቆመ?»

«ክር እያጠነጠንኩ ነዋ! ስታጠነጥኚ የመዘውሩን ብሎን ታላያለሽ። መዘውሩ ብቻውን ይዞራል፣ መርፌው ያርፋል። አርባ ዓመት አጠገቤ ኖረሽ ይሄን አታውቂም?»

«ብሎኑ ሲጠብቅስ?»

«ሲጠብቅማ ይሰፋል!»

እማማ ፒንሳ ጉልበታቸው ቀጭ ማለቱን ረስተው ብድግ አሉ፤ የዘመዳቸውንም ሁለት ጉንጭ ይዘው ሳሟት። ጉንጯ ላይ የአሥር ጣት ግሪስ ቀረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካምቢዮው ጭራ ውስጥ የሞተሩን ጉልበት ለፊትና ለኋላ የሚያካፍሉ ጥርሶች አሉ። ጉልበት ደግሞ ሰነፍ ነው፤ በቀለለው በኩል ይሮጣል። ከኋላ ልብስ ሰፊዋን የሚያህል ጭነት አለ፤ ከፊት ባዶ ጉራጅ አለ። የቱን ይመርጣል? ጉራጁን እያሽከረከረ ስድሳ ሄድኩ ይላል። መፍትሔው እንደ መዘውሩ ብሎን አጥብቆ አካፋዩን ማካፈል መከልከል ነው።

በሮዙ መፍቻ የካምቢዮውን ጭራ ፈቱና ጥርሶቹን በመሐረብ ጠቅልለው ከመንገዱ ማዶ ወዳለው በያጅ ሮጡ።

«እነዚህን አንድ ላይ በይድልኝ።»

በያጁ ጥርሶቹን አገላበጠ። «እማማ፣ እነዚህ እኮ እንዲዞሩ ነው የተሠሩት። ከበየድኳቸው ዕድሜ ልካቸውን አይላቀቁም።»

«አይላቀቁ! እኔና ባሌም አልተላቀቅንም። በይድ!»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉም ቦታው ገጠመ። ይህን ጊዜ ግን ለማንም አላወሩም። በሩን ዘግተው መኪናዋን እጅ ታህል ወደፊት፣ እጅ ታህል ወደኋላ አስኬዷት። ሄደች! ልብስ ሰፊዋ እልል ልትል አፏን ስትከፍት እማማ ፒንሳ በግሪስ ጨርቅ አፏን አፈኗት።

እሁድ ለስድስት ሰዓት ሩብ ሲቀረው አማችየው ከብረት ገዢው ጋር መጣ። እማማ ፒንሳ ሞተሩን አስነስተው ጠበቁት።

«ግባ።»

«ደግሞ ስድሳ ልንሄድ ነው?» እያለ ገባ። መኪናዋ ከጋራዡ እንደ ጥይት ስትወጣ አንደኛውን እስክሪብቶ ዋጠው ሊባል ምንም አልቀረው።

ሜዳውን በረሩ። ዳገቱ ሲጀመር ግን ጠጠር ነው። ድሮ አራቱም ጎማ ይቧጥጠው ነበር፤ አሁን የኋላዎቹ ብቻቸውን ሆኑና ጠጠሩን እየረጩ በባዶ ዞሩ። የመኪናዋ ቂጥ ግራና ቀኝ ተወዛወዘ። እኩሌታው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ስድስት ደቂቃ ቀርቷል።

«ይብቃ እማማ» አለ አማችየው በለስላሳ ድምፅ።

እማማ ፒንሳ ከላይ እስከ ታች ገረመሙት። «ኪሎህ ስንት ነው?»

«ምን?»

«ገፊው ኋላ ነው፤ ኋላው ደግሞ ቀሏል። ቁጥር የተማርከው አንተ ነህ፣ ይሄ ይጠፋሃል? ውረድና ከዕቃ መጫኛው ግባ!»

ያን ጊዜ ከኋላቸው ልብስ ሰፊዋ እያለከለከች ደረሰች። ኋላው እንደሚቀል ቀድማ ጠርጥራ ስፌት መኪናዋን በጋሪ አስገፍታ ነው የመጣችው። «ሞኝሽን ፈልጊ እትዬ! ያለኔ ልትወጪው?» የስፌት መኪናው ብረት ተጫነ፤ ከብረቱ ጎን እሷ ተጫነች፤ ከእሷ ሥር መሐንዲሱ ተጫነ። የመኪናዋ ቂጥ መሬት ሊነካ ዘቀጠ።

እማማ ፒንሳ አንደኛ አስገብተው ነዳጁን ረገጡት። ጎማዎቹ ጠጠሩን ነከሱ! መኪናዋ እንደ ፍየል እየዘለለች ወጣች። ልብስ ሰፊዋ ትጮኻለች፣ አማችየው ከሥሯ «እማማ! እማማ!» ይላል፣ ስፌት መኪናው በየጉድጓዱ ይሰፋል። ኩርባው ላይ ቂጧ ሲንሸራተት እማማ ፒንሳ መሪውን በአንድ እጅ መለሱትና ሃያ ዓመት እንደሚሆናት ልጅ ጮኹ።

በሩ ላይ ቆመው ክላክሱን ሲያንባርቁት ልጃቸው ወጣች።

«እማዬ! መጣሽልኝ? ዕቃሽ የታል?»

«ኋላ አለልሽ። ባልሽ ነው፤ አውርጂው።»

አማችየው አቧራ ለብሶ፣ ጸጉሩ ቆሞ፣ እንደ ልጅ እየሳቀ ወጣ። ከሁለቱ እስክሪብቶዎች አንዱ ፈርጦ ሸሚዙ ከኪሱ እስከ ወገቡ ሰማያዊ ሆኗል። ሰዓቱን አየና ወደ ጓሮው ክፍል ጠቆመ።

«እማማ፣ ስንት ዶሮ ይበቃዋል?»

እማማ ፒንሳ ሸሚዙን ትክ ብለው አዩት።

«ይኸውልህ» አሉ መሪውን ወደ ቁልቁለቱ እያዞሩ፣ «ቀለም ማለት ይሄ ነው!»